ቡድን «በድን» እንዳይሆን፦ ያረጀ የሚመስል ወፍራም ፊደል በአማርኛ

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ይላል። «የዘጌ ቡና እየገዛሁ ባሕር ዳር ላይ ቆልቼ በከረጢት እሸጣለሁ። ስሙም እንዲያው ‹የዘጌ ቡና› ነው፤ ከሥሩ ‹ባሕር ዳር› ይላል። ከኢንተርኔት ላይ ወፍራም፣ ፍቅፍቅ ያለ፣ የድሮ ማተሚያ ቤት ጽሑፍ የሚመስል ፎንት ገዛሁ። በእንግሊዝኛ ስጽፍበት በጣም ያምራል። በአማርኛ ስጽፍ ግን ፊደሉ ቀጭንና ንጹሕ ሆኖ ይመጣል። ባነር የሚሠሩልኝ ልጆች ‹እኛ እናስረጀዋለን› ብለው የሠሩት ደግሞ አይጥ የበላው ነው የሚመስለው። ለከረጢት፣ ለታፔላና ለሠራተኞቼ ቲሸርት ፈልጌ ነበር። በአማርኛ ይቻላል ወይስ ልተወው?»

እህቴ፣ ይቻላል፤ አትተዪው። ፎንት ፍለጋ መባዘኑን ግን ተዪው። ሙሉ ፎንት አያስፈልግሽም። «የዘጌ ቡና ባሕር ዳር» ስንት ፊደል ነው? ቁጠሪው። 10 ነው። 10 ፊደል በእጅ አስረጅቶ አንዴ መገላገል የሁለት ቀን ሥራ ነው፤ ከዚያ በኋላ ዕድሜ ልክሽን ትጠቀሚበታለሽ።

ፎንቱን የሸጠልሽ ሰው አላጭበረበረሽም። ፎንት የፊደል ሥዕሎች ስብስብ ነው። አንቺ የገዛሽው ውስጥ የላቲኑ ብቻ ነው የተሣለው። አማርኛ ስትጽፊበት ኮምፒውተሩ የተጠየቀውን ፊደል እዚያ ሲያጣው ከሌላ ፎንት ይበደራል፤ ዊንዶውስ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ከኢብሪማ ወይም ከኒያላ። ለዚህ ነው ንጹሕ ሆኖ የመጣብሽ።

ፈረንጆቹ ጋ ይህ ዐይነት ፎንት እንደ አሸን ነው፤ እኛ ጋ ብርቅ ነው። ምክንያቱ ተራ ሒሳብ ነው። እነሱ 26 ትልልቅ ፊደላት ይሥላሉ፣ ቁጥርና ነጥብ ይጨምራሉ፣ ይሸጣሉ። እኛ 33 በ7 ስናባዛው 231 ነው፤ ያውም እነ ቋን፣ እነ ሏን ሳንቆጥር። ሌላም ብልሃት አላቸው። የእነሱ ፊደል ትልቅና ትንሽ ስላለው፣ ብዙዎቹ የተፋቁ ፎንቶች በትንሹ ፊደል ቦታ ላይ ያንኑ ትልቁን ፊደል በሌላ ዐይነት ጭረት ያስቀምጡበታል። አንድ ፊደል ሁለቴ ሲመጣ አንዱን ከትልቁ፣ ሌላውን ከትንሹ እያደረጉ ይጽፋሉ። የእኛ ፊደል ትልቅ ትንሽ ስለማያውቅ ያ መላ አይሠራልንም።

ይህ ደግሞ አንቺን በቀጥታ ይነካሻል። «ባሕር ዳር» ላይ ር ሁለት ጊዜ አለ። ልጆቹ የሠሩልሽን ባነር አሁን አውጪና ሁለቱን ር አስተያያቸው። እርግጠኛ ነኝ፣ አንዱ አንገቱ ላይ ያለው ጭረት ሌላኛውም ላይ እዚያው ቦታ ላይ አለ። ሰው ምክንያቱን አይነግርሽም፤ ግን ዐይኑ ያውቃል። ድሮ ከእንጨት ይቀረጽ በነበረው እውነተኛ የማተሚያ ፊደል ላይ ሁለት ፊደል በአንድ ቦታ፣ በአንድ መጠን አይቆረጥም። የውሸት መልክ የሚነቃው መጀመሪያ እዚያ ነው።

እስቲ ይህ መልክ ከየት እንደመጣ ልንገርሽ፣ ሳታውቂው ብትገለብጪው ልክ እንደ ባነርሽ ነው የሚሆነው። በ1820ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ትልልቅ የማስታወቂያ ወረቀት ማተም ፋሽን ሆነ። ከቀለጠ እርሳስ የሚሠራው የማተሚያ ፊደል ለመጽሐፍ መጠን ጥሩ ነው፤ ትልቅ ሲሆን ግን ይከብዳል፣ ይወደዳል፣ ሲቀዘቅዝም ፊቱ እኩል አይወጣም። ዳሪየስ ዌልስ የተባለ የኒውዮርክ ሰው በ1827 እ.ኤ.አ. ትልልቅ ፊደል ከእንጨት በመሣሪያ እየቀረጸ በብዛት ማውጣት ጀመረ። እንጨቱ ቀላልና ርካሽ ነው። ግን ይወድቃል፣ ይጋጫል፣ ይታጠባል፣ ለብዙ ዓመት ከማተሚያ ቤት ማተሚያ ቤት ይዞራል። አንቺ የወደድሽው መልክ የዚያ ድካም ነው።

ድካሙ ሥርዓት አለው። የፊደሉ ማዕዘን ይዶለዱማል፣ ምክንያቱም ሲወድቅ የሚመታው ማዕዘኑ ነው። መሐሉ ጨው እንደተነሰነሰበት ነጠብጣብ ይሆናል፤ የፊደሉ ፊት ትንሽ ስለሚጎደጉድና ወረቀቱም ሻካራ ስለሆነ ቀለሙ በደንብ አይደርስም። ጠርዙ ግን ከመሐሉ ይጠቁራል፤ ማተሚያው ሲጫን ቀለሙን ወደ ዳር ይገፋዋላ። ልጆቹ ያደረጉት ግን አንድ የቆሻሻ ሥዕል ከኢንተርኔት አውርደው ጽሑፉ ላይ መጣል ብቻ ነው። ጠርዙ ስለታም እንደሆነ ቀርቶ መሐሉ ተበጫጭቋል። አይጥ የበላው የመሰለሽ ለዚህ ነው። አይጥም እኮ ከጠርዝ ነው የምትጀምረው።

አንድ ነገር በመንገዴ ልበል። ዘጌ አንድ ገዳም ውስጥ የቆየ ብራና ሲገለጥ ቆሜ አይቻለሁ። በመቃ ብርዕ የተጻፈው ጥቁሩም ቀዩም ቁልጭ ብሎ ይነበባል። ያረጀው የገጹ የታችኛው ጥግ ነበር፤ መነኩሴው ገጽ ሲገልጡ አውራ ጣታቸው የሚያርፍባት ቦታ ጠቁራ፣ ወዝታ፣ እንደ ቆዳ ሆናለች። ነገር የሚያረጀው የሚነካበት ቦታ ላይ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ፊደል ሳስረጅ «ይህን ቦታ ማን ነካው? በምን ነካው?» ብዬ ነው የምጀምረው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። የላቲን ፊደል ሲቦጨቅ ይቆሽሻል እንጂ ብዙ ጊዜ ሌላ ፊደል አይሆንም። የእኛ ይሆናል። በ ላይ አንዲት ትንሽ ጭረት ወገቡ ላይ ስትቀጠል ቡ ትሆናለች። እግሩ ሥር ስትቀጠል ቢ። ቀለበት ስትሆን ቤ። አናባቢያችን ያለው እዚያች ቁራጭ ላይ ነው፤ እሷ ደግሞ ከፊደሉ ሁሉ ትንሿ ስለሆነች ኮምፒውተሩ ላይ ፊደል የሚያስረጀው ፊልተር መጀመሪያ የሚበላት እሷን ነው።

ይህን የተማርኩት በኪሳራ ነው። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት ለአንድ የሰፈር እግር ኳስ ቡድን 40 ቲሸርት አተምኩ። ደረቱ ላይ የሰፈሩ ስም፣ ከሥሩ በትልቁ «ቡድን»። ያንን የተፋቀ መልክ ገና ማወቄ ነበርና ደስ ብሎኝ በደንብ ፋቅኩት። ኮምፒውተሩ ላይ የቡ ጭረት ስስ ብላ ትታያለች። ቀለሙ የሚያልፍበት የተወጠረው ጨርቅ፣ ፍሬሙ ላይ ግን ጠፋች። ልጆቹ ለብሰው ሲሰለፉ 40 ሰው ደረቱ ላይ «በድን» ይላል። አምበላቸው ዝም ብሎ አየኝ፣ ከዚያ «ወንድም ዓለም፣ ገና ሳንጫወት ገደልከን?» አለኝ። በራሴ ወጪ ደግሜ አተምኩ። ስድስቱ ቲሸርቶች አሁንም ቤቴ አሉ፤ መኪና ሳጥብ እለብሳቸዋለሁ።

ወደ 10 ፊደልሽ እንምጣ። የ እና ዘ ግዕዝ ናቸው፤ ምንም ቅጥያ የለባቸውም። እነሱን ብትፍቂ ብዙ አይጎዱም። ግን ተጠንቀቂ፣ በመፋቅ ፋንታ የቀለም ነጠብጣብ ከጨመርሽ ነገሩ ይገለበጣል። ዘ ቀኝ ወገቡ ላይ አንዲት የቀለም ጠብታ ካረፈች ዙ ነው። ጌ ኃምስ ነው፤ ቀለበቱ ወፍራም ፊደል ላይ ቀለም ከጠጣ ይደፈንና «የዘጊ ቡና» ይሆንብሻል። ቡ፣ ያው ነግሬሻለሁ፤ «በና» ብለሽ ቡና ልትሸጪ አትችይም። ባ እና ዳ ራብዕ ናቸው፤ ከግዕዙ የሚለያቸው የእግራቸው ርዝመት ነው። የዳን ቀኝ እግር ከታች ከቆረጥሽው «ባሕር ደር»።

ልብ ካልሽ አደጋው በአብዛኛው ያለው በአንድ በኩል ነው። ካዕብ፣ ሣልስ፣ ኃምስ፣ ሁሉም ምልክታቸውን የሚያንጠለጥሉት በቀኝ ከወገብ በታች ነው። ስለዚህ እኔ አብረውኝ ለሚሠሩት ልጆች የምሰጠው ትእዛዝ «ከቀኝ ወገብ እስከ ቀኝ ቁርጭምጭሚት አትንኩ» የሚል ነው። ግራውን ትከሻ፣ አናቱን፣ የወፍራሙን እግር ሆድ እንደ ልባቸው ይፍቁት። ሳድስ ብቻ ዐመለኛ ነው፣ በየፊደሉ ቦታ ይቀያይራል፤ ብን ብታዪ ምልክቱ በግራ ጎኑ ነው። ሳድስ ሲመጣ ፊደሉን አጉልቶ ከማየት ሌላ አቋራጭ የለም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ወፍራም የአማርኛ ፎንት ያዢ። ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ የሚባለው በነፃ ይገኛል፤ «ብላክ» የሚለው ውፍረቱ ለዚህ ይበቃል። የቋሚ እግሮቹ ውፍረትና የጋድሞቹ ቅጥነት ከብርዕ የወረደ ስለሆነ የድሮ ሽታ አለው። ሳንስ የሚባለውን፣ መስመሩ ሁሉ እኩል የወፈረውን፣ አትምረጪ፤ እሱን ብታስረጂው የቆሸሸ የመንገድ ምልክት ነው የሚመስለው። ይህ የእኔ ጣዕም ነው፣ ሌላ ባለሙያ ሊከራከርሽ ይችላል።

ኢንክስኬፕ በሚባለው የሥዕል ፕሮግራም ላይ፣ እሱም ነፃ ነው፣ 10ሩን ፊደል ጻፊና ወደ ቅርጽ ቀይሪው። ከዚያ ሳታስረጂው በፊት አጠንክሪው። የቡን ጭረት ሳብ አድርገሽ አስረዝሚያት፣ አወፍሪያት። የጌን ቀለበት ቀዳዳ አስፊው። የባንና የዳን ረጅም እግር ትንሽ ወደ ታች አውርጂው። አሁን ስታዪው ቅር ይልሻል፣ የተጋነነ ይመስላል። ይሁን፤ ሲያረጅ ልኩን ይዞ ይመጣል።

ቀጥሎ ያለው የእጅ ሥራ ነው፣ እኔም ከሁሉ የምወደው እሱን ነው። ሁለት መንገድ አለ።

ቀላሉ፣ ፊደሎቹን እያንዳንዳቸው 5 ሴንቲ ሜትር ያህል አድርገሽ በሌዘር ፕሪንተር አውጪያቸው። ሌዘር ይሁን። የሌዘሩ ዱቄት ወረቀቱ ላይ ተኝቶ ስለሚቀር ይፋቃል፤ የቀለሙ ፕሪንተር ግን ወረቀቱ ውስጥ ስለሚሰርግ አይፋቅም። ወረቀቱን ጨምድጂው፣ ዘርጊው፣ ከዚያ በለሰለሰ ብርጭቆ ወረቀት ግራ ትከሻውንና ማዕዘኑን በቀስታ አሸት አሸት። ከዚያ በ600 ዲፒአይ (ስካነሩ ላይ የሚመረጠው የጥራት ልክ ነው) ስካን አድርጊው።

እውነተኛው ግን ማተም ነው። ዋንዛ እንጨት ለመቅረጽ ገር ነው፤ እሱን ባታገኚ ወፍራም ጎማ፣ ወይም የማኅተም ቀራጭ ጋ ሄደሽ አሠሪው። ፊደሉ ተገልብጦ መቀረጹን እንዳትረሺ፤ እኔ ረስቼ ግማሽ ቀን የለፋሁበትን ጣውላ እሳት ላይ ጥጃለሁ። መስታወት ላይ ትንሽ የማተሚያ ቀለም በሮለር ስስ አድርገሽ ዘርጊ፣ ፊደሉን ቀቢ፣ ወረቀት አልብሺና በማንኪያ ጀርባ እያሸሽ ጫኚው። አንሺው። የመጀመሪያው ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ቀለም ሳትጨምሪ ሁለተኛ ወረቀት፣ ሦስተኛ፣ አራተኛ። ሦስተኛው ላይ ያ ጨው የተነሰነሰበት መልክ ራሱ ይመጣል፤ ጠርዙ ጠቆር፣ መሐሉ ሳሳ። እኔ ሁሌ ከሦስተኛውና ከአራተኛው ነው የምመርጠው። ርን ደግሞ ከአንዱ ወረቀት አንዷን፣ ከሌላው ሌላዋን ውሰጂ፤ የሁለቱ ር ነገር እዚያው ተፈታ።

ስካኑን ጥቁርና ነጭ ብቻ አድርጊው፣ ግራጫ አይቅር። ከዚያ አጉልተሽ እያንዳንዱን ፊደል እዪ። የቡ ጭረት ከተጎዳች በእጅሽ መልሰሽ ሙያት። እንደ አሸዋ የደቀቁትን ነጠብጣቦች አጥፊ፤ ማተሚያው ስለማያያቸው ፋይሉን ከማክበድ በቀር ምንም አይጠቅሙሽም። ከዚያ ወደ ቬክተር፣ ቢያጎሉት ወደማይደበዝዝ ሥዕል፣ ቀይሪው። አንድ ፋይል ብቻ ግን አታውጪ። ሁለት አድርጊ፤ አንድ ጥቂት የተፋቀ ለትንሽ መጠን፣ አንድ በደንብ የተፋቀ ለትልቅ።

ለከረጢቱ ጥቂት የተፋቀውን። ፊደሉ ሁለት ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው፤ ያን ያህል ትንሽ ፊደል ላይ ብዙ ጭረት ጭቃ ይሆናል። ከረጢትሽ ቡናማ ክራፍት ወረቀት ከሆነ እሰየው፤ ወረቀቱ ራሱ ሻካራ ስለሆነ ግማሹን ሥራ ይሠራልሻል። አንድ ሌላ ሐሳብም አለኝ። ቡና ለውጭ ገበያ የሚጫነው በ60 ኪሎ ጆንያ ነው፤ ጆንያው ላይ የሚታተመው ጽሑፍ ምን እንደሚመስል አይተሽ ታውቂያለሽ? ክሩ ቀለሙን ስለሚያቋርጠው ፊደሉ ፍቅፍቅ ብሎ ነው የሚወጣው። የአሜሪካ ካውቦይ ዘመን ማስታወቂያ ከምትገለብጪ ከጆንያ ብትቀጂ ለቡና የሚቀርበው እሱ ነው። ቀርጸሽ የሠራሽውን ፊደል አንዴ ቁራጭ ጆንያ ላይ አትሚና ያንን ስካን አድርጊ። አመስግኚኝ አልልሽም፣ ግን ታመሰግኚኛለሽ። ፊደሉን ካርቶን ላይ ቆርጠሽ በስፖንጅ ልታትሚ ካሰብሽ ግን የጌ ቀለበት መሐሉ ተቆርጦ ይወድቃል፤ በቀጭን ድልድይ ከዳሩ ጋር አያይዢው።

ለቲሸርቱ፣ ሲልክ ስክሪን ነው የሚሻለው። የፍሬሙን ጨርቅ ጠይቂ። ለቲሸርት የተለመደው በሴንቲ ሜትር 43 ክር ያለው ነው። እሱ ላይ ከ0.3 ሚሊ ሜትር በታች የሆነ ነጠብጣብ ወይ ይደፈናል ወይ አይወጣም። የኔ ቡድን በድን የሆነው እዚያ ነው። ለወረቀት 77 ወይም ከዚያ በላይ ይጠቀማሉ፣ ደቃቁን ይይዛል። አንድ ቲሸርት ብቻ አሳትመሽ ሳታዪ «በቃ ሁሉንም አትሙ» እንዳትዪ።

ታፔላው ላይ ገንዘብሽን አትጨርሺ። ስቲከር በፕሎተር፣ በምላጭ በሚቆርጠው ማሽን፣ እንቁረጥ ካሉሽ እምቢ በዪ፤ ምላጩ እነዚያን ደቃቅ ጭረቶች ሲቆርጥ ይቀደዳል፣ ከዚያ ልጁ በመርፌ ሲለቅም ይውላል፣ ሒሳቡንም አንቺ ላይ ነው የሚጥለው። ወይ አሳትሚው፣ ወይ ደግሞ ታፔላ ጻፊ ፈልጊና በብሩሽ ቆርቆሮ ላይ ያጽፍሽ። ከመንገድ ማዶ የሚታየው ትልቁ ጉዳት ብቻ ነው፤ ደቃቁን ማንም አያየውም። ቀለሙን ጥቁር ወይም የተቆላ ቡና መልክ አድርጊው። ቀይ ፀሐይ ላይ ቶሎ ይገረጣል። የሐይቁ ዳር ፀሐይና የክረምቱ ዝናብ ታፔላሽን ያለ ክፍያ ስለሚያስረጁልሽ፣ እሱን ከመጀመሪያው ብዙ ባትፍቂውም ይሆናል።

ፈቃድን በተመለከተ፣ የገዛሽውን የእንግሊዝኛ ፎንት ከአማርኛው ጎን ለመጠቀም ሰነዱን አንብቢ፤ አንዳንዶቹ ለግል ብቻ ነው የሚፈቅዱት፣ ለንግድ ሌላ ዋጋ አላቸው። ፋይሉንም ለባነር ቤት ልጆች አትላኪ፤ ጽሑፉን ወደ ቅርጽ ቀይረሽ እሱን ላኪ። ኖቶ ግን በክፍት ፈቃድ ስለወጣ ለንግድም መጠቀም፣ መለወጥም ይፈቀድልሻል። ፎንቱን ብቻውን መሸጥ ነው የተከለከለው፤ በእሱ የሠራሽው ምልክት ያንቺ ነው።

ስትጨርሺ አንድ ሙከራ አድርጊ። ጽሑፉን በከረጢቱ መጠን አውጪና ምን እንደሚል ለማያውቅ ሰው ስጪ፤ ሁለተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ቢሆን ይመረጣል። ትልቅ ሰው ቡና ስለሚጠብቅ «በና» የሚለውንም «ቡና» ብሎ ያነብልሻል። ልጅ ግን የተጻፈውን ነው የሚያነበው። ልጁ ከተደናቀፈ የት ፊደል ላይ እንደሆነ ያዢና ፋይሉን እዚሁ አምጪው፣ አብረን እናየዋለን።